ስለ ኩባንያ ጋዜጣው ምን አለ፣ ጦማሪውስ?

ብሩክ፦ ከሐዋሳ ሰላም ብለናል። ዛሬ ጋዜጦችና ጦማሪዎች ስለ ኩባንያ የሚጽፉትን እናነጻጽራለን። ሰላም፣ ከየት እንጀምር?

ሰላም፦ ከዓመተ ምሕረቱ!

ብሩክ፦ ከይዘቱ በፊት?

ሰላም፦ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነዋ። የኢንዱስትሪ ፓርካችንን ውሰድ፤ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ነው። የውጭ ጋዜጣ 2016 ይላል። ጦማሪው ሲተረጉም ቁጥሩን እንዳለ ያስቀምጠዋል፤ አንባቢው ምረቃውን ስምንት ዓመት ወደዚህ ያመጣዋል። የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች እዚሁ ፓርክ ውስጥ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀውም በእኛ ኅዳር 2014፣ በእነሱ 2021 ነው።

ብሩክ፦ ልዩነቱ አንዴ ሰባት፣ አንዴ ስምንት!

ሰላም፦ አዎ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ስለዚህ ጽሑፎቹን በምታነጻጽርበት ሰንጠረዥ ላይ ሁለት የቀን ዓምድ ይኑርህ።

ብሩክ፦ እሺ፣ አሁን ጽሑፎቹን እንቁጠር?

ሰላም፦ የበጀት ዓመቱስ? የመንግሥት ድርጅት ሒሳቡን ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ፒቪኤች በጥር ማብቂያ ግድም። «ዓመታዊ ትርፍ» ሲሉህ የየትኛው ዓመት? ከግብር በፊት ወይስ በኋላ?

ብሩክ፦ ቁጥሩስ ሰላም፣ ቁጥሩ...

ሰላም፦ መጣሁ። ከአንድ መግለጫ የተቀዳ አሥር ጽሑፍ አንድ ነው የሚቆጠረው። አንዱን ዓረፍተ ነገር በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተህ ፈልገው፤ ቃል በቃል ከተደገመ ምንጩ አንድ ነው። ጋዜጣም ይቀዳል።

ብሩክ፦ ጋዜጣ ግን አርታኢ አለው፤ ሲሳሳት እርማት ያትማል። ጦማሪው ጽሑፉን ዝም ብሎ ይቀይረዋል።

ሰላም፦ ጥሩ ጦማሪ ደግሞ ሰነዱን ያያይዝልሃል። የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን ተመልከት፦ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር ቀረበ፤ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ነው። «3.2 ቢሊዮን ብር ተሰበሰበ» ማለት እውነት ነው። «ከቀረበው አሥር እጅ አንዱ ያህል ተሸጠ» ማለትም እውነት ነው። ማን የትኛውን ርእስ አደረገ? ለእኔ ንጽጽር ይሄ ነው!

ብሩክ፦ እዚህ ላይ ተስማማሁ። በእርማቱ ግን አልለቅሽም።

ሰላም፦ አትልቀቀኝ። የጦማሩን ገጽ ባነበብክበት ቀን ስክሪንሾት አንሳ፤ ከሳምንት በኋላ ተመልሰህ አስተያየው። ቀኑን ደግሞ በፋይሉ ስም ላይ...

ብሩክ፦ በሁለቱም አቆጣጠር!

ሰላም፦ በሁለቱም።