አምስት ማርሽ ለ1932ቱ ፎርድ፦ ሥራው ከኋላ ይጀምራል

[ምስል፦ የ1932 ፎርድ ሻንሲ፣ አካሉ ተነስቶለት፣ ከላይ ሲታይ]

ይሄ የ1932 ፎርድ ነው። የአሜሪካ ሆት ሮድ (አሮጌ መኪናን ለፍጥነት አሻሽሎ መሥራት) ወዳጆች ከሁሉም አስበልጠው የሚወዱት መኪና። ሞተሩ ፍላትሄድ የሚሉት ቪ-8 ነው፤ 3.6 ሊትር። ከፋብሪካ ሲወጣ 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በዚያ ዘመን ተራ ሰው በሚገዛው መኪና ላይ ስምንት ሲሊንደር መገኘቱ ትልቅ ነገር ነበር። ከሞተሩ በስተኋላ ያለው ካምቢዮ ግን ሦስት ማርሽ ብቻ ነው ያለው።

ዛሬ እሱን አውርደን ባለ አምስት ማርሽ ቦርግ-ዋርነር ቲ-5 እንዴት እንደሚገባ እናያለን።

መጀመሪያ ለምን? በአሮጌው ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ጥርሶቹ ሳይጋጩ እንዲገቡ ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል ዕቃ) የለውም። መኪናው እየሄደ አንደኛ ልመልስ ካላችሁ ይጮኽባችኋል። በድሮ የጭነት መኪና የሠለጠነ ሾፌር ደብል ክላች እየረገጠ ይገላገለዋል። ዋናው ችግር ግን አውራ ጎዳና ላይ ነው።

እናስላው። የጎማው ቁመት ከታች እስከ ላይ 71 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ጎማው በደቂቃ 750 ጊዜ ያህል ይዞራል። ዲፈረንሻሉ 3.78 ከሆነ (ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ዘንጉ 3.78 ጊዜ ይዞራል)፣ ሞተሩና ዘንጉ እኩል በሚዞሩበት በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ ከ2,800 በላይ ይዞራል። ፎርድ ሙስታንግ ላይ የነበረው ባለ ቪ-8 ቲ-5 አምስተኛ ማርሹ 0.68 ነው፤ ዘንጉ አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 0.68 ብቻ ይዞራል። በእሱ ሞተሩ ወደ 1,900 ይወርዳል። ፍጥነቱ ያው ነው። ሞተሩ ግን ያርፋል፣ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ከጎናችሁ ከተቀመጠው ሰው ጋር ሳትጮኹ ታወራላችሁ።

አንደኛ ማርሹም 3.35 ስለሆነ ከቆመበት ሲነሳ ቀለል ይለዋል። ጥንካሬውስ? ቲ-5 በ1980ዎቹ የነበሩትን የሙስታንግ ቪ-8 ሞተሮች የተሸከመ ካምቢዮ ነው። ለፍላትሄድ ከበቂ በላይ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደስ ይላል። አሁን ወደ መኪናው ሆድ እንግባ።

[ምስል፦ ከካምቢዮው እስከ ዲፈረንሻል የሚሄደው ወፍራም ቱቦ፣ ከሥር]

ይህን ቱቦ አያችሁት? ጉልበቱን ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰው ዘንግ የሚዞረው በውስጡ ነው። እስከ 1948 ድረስ ፎርድ እንዲህ ነበር የሚሠራው። ብዙ ሰው ቱቦው ዘንጉን ከአቧራ ብቻ የሚከልል ይመስለዋል። አይደለም። መኪናውን ወደፊት የሚገፋው እሱ ነው።

እንዴት ካላችሁ፣ ጎማው መሬቱን ሲገፋ አክስሉ ወደፊት ይሄዳል። አክስሉ ቱቦውን ይገፋል፣ ቱቦው ካምቢዮውን፣ ካምቢዮው በማሰሪያው በኩል ሻንሲውን። የኋላው ባሌስትራ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ተጋድሞ የተቀመጠ። ክብደት ይሸከማል እንጂ አክስሉን ወደፊትና ወደኋላ አይዝም። ነዳጅ ስትረግጡ አክስሉ ወደኋላ መጠምዘዝ ይፈልጋል። ያንንም የሚከለክለው ቱቦው ነው።

ቲ-5 ደግሞ የተሠራው ለግልጽ ዘንግ፣ ማለት ያለ ቱቦ ለሚዞር ዘንግ ነው። በሁለቱም ጫፉ ክሮቼራ (የሚታጠፍ መገጣጠሚያ) ያለው፣ እንደ ብዙው የኋላ ጎማ ነጂ መኪና። ስለዚህ ካምቢዮውን ስትቀይሩ ቱቦው ይወጣል። ቱቦው ሲወጣ አክስሉን ማን ይይዘዋል?

ለዚህ ነው ሥራው ከኋላ ይጀምራል የምለው። ካምቢዮ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ መልሱ። አንዳንዱ የድሮውን ዲፈረንሻል ለግልጽ ዘንግ በሚያዘጋጅ ዕቃ ይቀይረዋል። ሌላው ከኋለኞቹ ዓመታት የፎርድ አክስል ያስገባል። የትኛውንም ብትመርጡ አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙ ጠንካራ ክንዶች ያስፈልጋሉ። አክስሉን ከጎን የሚደግፉት የድሮዎቹ ቀጫጭን ዘንጎች የቱቦውን ሥራ ለብቻቸው እንዲሠሩ አልተነደፉም። ሞተሩ ጉልበት ከተጨመረለት እኔ አላምናቸውም። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። አክስሉ በመንገድ ላይ ከተላቀቀ የሰው ሕይወት ነው።

በእጅ የምትይዙት የማርሽ መቀየሪያ ዘንግ የሚወጣበት ቦታም ይታሰብበት። የሙስታንጉ ቲ-5 ዘንጉ ወደኋላ ስለሚርቅ በዚህች ጠባብ መኪና ውስጥ ወደ መቀመጫው ይገባል። የሸቭሮሌት ኤስ-10 ፒካፕ ቲ-5 ዘንጉ ወደፊት ይቀርባል። ሆት ሮድ ሠሪዎች የኤስ-10ን ጅራት (የካምቢዮውን የኋላ ክፍል) የሚፈልጉት ለዚህ ነው። በካርቶን ሞዴል ሠርታችሁ፣ መቀመጫው ላይ ተቀምጣችሁ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ሞክሩት። ሻንሲውን የምትቆርጡት ከዚያ በኋላ ነው።

የፍሪሲዮን ሸራው መሐል ያሉት ጥርሶች ከአዲሱ ካምቢዮ ዘንግ ጋር ልክ መግጠም አለባቸው። የውጭ ስፋቱ ደግሞ ከሞተሩ ኋላ ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ ከቮላኖው ጋር። ካምቢዮውን ከገዛችሁ በኋላ ጥርሱን ቆጥራችሁ ሸራውን ግዙ።

[ምስል፦ ቮላኖው ላይ በማግኔት የቆመ ዳያል ጌጅ፣ መርፌው የብረቱን ቀዳዳ ጠርዝ ነክቶ]

አሁን ሰው የሚዘለው ሥራ። ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው አስማሚ ብረት ሲታሰር፣ የመሐሉ ቀዳዳ ከሞተሩ ዘንግ ጋር አንድ ማዕከል ላይ መሆን አለበት። በዓይን አይታይም። ዳያል ጌጁን፣ ማለት ጥቃቅን መዛነፍን በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ፣ ቮላኖው ላይ ታቆማላችሁ። መርፌውን የቀዳዳውን የውስጥ ጠርዝ ታስነካላችሁ። ሻማዎቹን አውጥታችሁ ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አንድ ሙሉ ዙር ታዞራላችሁ።

መርፌው የሚያሳየው የመዛነፉን እጥፍ ነው። ለሁለት አካፍሉት። ውጤቱ ከ0.13 ሚሊሜትር ካለፈ ካምቢዮውን አትግጠሙት። ብረቱን የሚያስተካክሉ፣ መሐላቸው ወደ ጎን የወጣ ፒኖች አሉ፤ በእነሱ አስተካክላችሁ እንደገና ለኩ። ይህ ሥራ ከተዘለለ ማርሽ አልገባ ይላል፣ እየነዳችሁ ይወጣል፣ የፊተኛው ኩሽኔታ ይጮኻል። ሰውም ካምቢዮው መጥፎ ነው ይላል።

አዲሱን ዘንግ ስታስገቡ የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ትይዩ ይሁኑ። የክሮቼራዎቹ ዘዌ ከሁለቱም በኩል እኩል ሲሆን ንዝረቱ ይጠፋል። ይህን የምትለኩት መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ሙሉ ክብደቱን ተሸክሞ ነው።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም አስቡት። አንዳንዱ ቲ-5 የኬብል መውጫ አለው፣ ኋላ የመጣው በኤሌክትሪክ ይልካል። የ1932ቱ ቆጣሪ ኬብል ነው የሚያውቀው።

ዘይቱ የመጨረሻው ነው። ከ1985 ወዲህ የመጣው የሙስታንግ ቪ-8 ቲ-5 የሚጠጣው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ወፍራም የማርሽ ዘይት ብትሞሉበት ሲንክሮናይዘሮቹ በትክክል አይሠሩም፣ በተለይ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ማርሹ ይከብዳል። ከጎን ባለው ቀዳዳ እስኪፈስ ሙሉት፣ ዝጉት፣ መኪናውን በክሪክ አንስታችሁ በድጋፍ ላይ ካቆማችሁ በኋላ አምስቱንም ማርሽ አንድ በአንድ አስገብታችሁ አዳምጡ።