ምጣዱ ሲነዝር፦ የአድማጮች ጥያቄና የሐኪሙ መልስ

ከኮዬ ፈጬ የደወሉ እናት፦ «ዶክተር፣ የኤሌክትሪክ ምጣዴ ይነዝረኛል። ጫማ ሳደርግ ይተወኛል። ያሳስባል እንዴ?»

እናቴ፣ ጫማው አዳነዎት እንጂ ምጣዱ አልተሻለውም። ኤሌክትሪኩ በእጅዎ ገብቶ በእግርዎ ወደ መሬት ይወርዳል። መንገዱ ላይ ልብ አለ። ደረቅ ቆዳ ብዙውን ይመክታል። እርስዎ ግን እጅዎ ሊጥ ነክቷል፣ የቆሙትም እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ሰውነት ኤሌክትሪክን የሚመክትበት አቅም በመለኪያው ወደ 1000 ኦም ሊወርድ ይችላል። በቤታችን 220 ቮልት ሲሰላ በሰውነትዎ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ 220 ሚሊአምፔር ይሆናል ማለት ነው። 1 ሚሊአምፔር ይነዝራል። ከ10 በላይ እጅ አልላቀቅ ይላል። 30 ገደማ ትንፋሽ ያፍናል። ከ50 እስከ 100 ሲደርስ ልብ ይንቀጠቀጣል እንጂ ደም አይረጭም። ስለዚህ ዛሬውኑ ከሶኬት ይንቀሉት። ባለሙያ የመሬት ሽቦውን፣ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደውን፣ ሳያይ እንዳይጋግሩ።

ከለገጣፎ፣ በብየዳ ሥራ ላይ ያለ ወጣት፦ «ጓደኛዬ ገመድ ጨብጦ ቀረ። ልጎትተው ስል እኔንም መታኝ። ለምንድነው የሚያጣብቀው?»

አያጣብቅም፣ ወንድሜ። የራሱ ጡንቻ ነው የጨበጠው። ጣት የሚያጥፉት ጡንቻዎች ከሚዘረጉት ይበረታሉ፤ ኤሌክትሪኩ ሁሉንም አንድ ላይ ሲያኮማትር ያው መጨበጡ ያሸንፋል። በባዶ እጅ አትንካው። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፋ። ካልደረስክበት በደረቅ እንጨት ገፍተህ አላቀው። ግቢ ውስጥ የተደገፈው አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ግን አይሆንም፣ ውሃ አዝሏል። ከምሰሶ የወደቀ የከፍተኛ ኃይል ሽቦ ከሆነ ደግሞ በእንጨትም አትጠጋ። ከተላቀቀ በኋላ ካልተነፈሰ ደረቱን መሃል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እየተጫንክ ሰው 907 ይደውል።

ከቡራዩ የደወለች እህት፦ «ወንድሜን ትናንት ኤሌክትሪክ ያዘው። ጣቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ጎረቤት ወተት አጠጣው። ዛሬ ሽንቱ ኮካ መስሏል፣ ክንዱም አብጧል።»

ወተቱን ተይው፣ እህቴ። ነጥቧ አታታልልሽ። ኤሌክትሪክ የሚያቃጥለው ከውስጥ ነው። ቆዳው ደህና መስሎ ከሥሩ ያለው ጡንቻ ሊበስል ይችላል። የፈረሰ ጡንቻ ደም ውስጥ የሚለቀው ነገር ኩላሊት ላይ ይከማቻል፤ የሽንቱ መጥቆር ከዚያ ነው። በፍጥነት በደም ሥሩ ፈሳሽ ካልተሰጠው ኩላሊቱ ሥራ ሊያቆም ይችላል። እጁ እያበጠ ከሄደ ደም ሥሩን ያፍናል። የልቡ ምትም በኢሲጂ፣ የልብ ምትን በሚመዘግበው መሣሪያ፣ መታየት አለበት። ሌላ ጥያቄ እንዳለሽ ገብቶኛል፣ ግን አሁን ስልኩን ዝጊና ይዘሽው ሆስፒታል ሂጂ።