«ጨርሰሽ ነይ» አትበሉኝ

(ደሴ፣ በንባብ ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ?

አዘጋጆቹ «በዚህ ዓመት ያነበብሽውን አካፍይን» ብለው 15 ደቂቃ ሰጥተውኛል። አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ኮምቦልቻ ቤቴ ቁጭ ብዬ ያነበብኳቸውን በዝርዝር ጻፍኩ። ሳበቃ መልሼ አየሁት። እውነት ነው፣ ግን ልቤ ውስጥ ያለው እሱ አይደለም። ወረቀቱን አስቀምጬ ይህን ጻፍኩ።

ባለፈው ስብሰባ የሆነውን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ሰው ሁሉ ያነበበውን የበዓሉ ግርማን ልብ ወለድ ኦሮማይን እኔ ገና አሁን ነው የያዝኩት። እኩሌታው ላይ ነበርኩ። ሰዉ ስለ መጽሐፉ ሲያወራ እጄን አወጣሁ። «ስለ ሮማን፣ ስለ ባለታሪኩ እጮኛ፣ አንድ ነገር ልበል» አልኩ።

«ጨርሰሽዋል?»

«የለም፣ እኩሌታው ላይ ነኝ።»

«እንግዲያው ጨርሰሽ ነይ፤ ያኔ እንሰማሻለን።»

ተቀመጥኩ። ማን እንዳለኝ አልናገርም። የማከብረው ሰው ነው፤ ደንባችንን ነው ያስከበረው። «ያልጨረሰ አይናገርም» የሚለው ደንብ ሲወጣ እኔም ደግፌያለሁ። ሽፋኑን ብቻ አይቶ ግማሽ ሰዓት የሚተነትን ሰው አስቸግሮን ነበር። ግን ያን ቀን ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ፣ አንጀቴ አርሮ ነው የሄድኩት። ለራሴ ብቻ አልነበረም። እናቴ ትዝ ብላኝ ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ፍቅር እስከ መቃብርን ግን ታውቀው ነበር።

ያደግኩት እዚሁ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ቤታችን አንዲት ሬዲዮ ነበረች። የባትሪ ድንጋይዋ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ የጦሳ ተራራ ጉም ፀሐዩን ከለቀቀልን ማለት ነው። ማታ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሊጀምር ሲል ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል። ተራኪው ወጋየሁ ንጋቱ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ነው፤ እኛ ሰፈር የደረሰው ግን በወጋየሁ ድምፅ ነው።

ልብ በሉልኝ። እዚያ ቤት ውስጥ መጽሐፉን የጨረሰ አንድም ሰው አልነበረም። ልጨርስ ቢልም አይችልም። ወጋየሁ የዕለቱን ተርኮ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ክርክር ነው። ወፍጮ ቤት ክርክር፣ ቧንቧ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ክርክር፣ ቡና ላይ ክርክር። ሰብለ ወንጌል አባቷን ትታ ትሄዳለች ወይስ አትሄድም? በዛብህ ይደፍራል ወይስ አይደፍርም? ጉዱ ካሳ እብድ ነው ወይስ ከሁሉም የነቃው እሱ ነው?

እናቴ መጀመሪያ ለፊታውራሪ መሸሻ ነበር የቆመችው። «ምን አጠፋ?» ትላለች። «ጨዋ አባት ነው። ልጁን ለማንም አይጥልም።» ሴቶቹ ይንጫጩባታል። እሷ ንቅንቅ አትልም። ለሳምንታት እንዲሁ ሆነ።

አንድ ማታ ቶናውን እየቀዳች ነበር። ወጋየሁ ፊታውራሪን ሆኖ ይቆጣል፤ ያን ድምፅ የሰማ ያውቀዋል። ስኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። እናቴ አላየችም። ጀበናውን እንዳዘነበለች «ልጅቷን ግን ማን ጠየቃት?» አለች።

ቤቱ ዝም አለ። ትንሽ ቆየችና፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለች።

አባቴ ጥግ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ምንም አልመለሰም። ተነስቶ ወጣ። እኔ ልጅ ነኝ፤ የሚጣሉ መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬን ቀስሬ አደርኩ። አልተጣሉም። በሚቀጥለው ሳምንት አባቴ ትረካው ሳይጀምር ቀድሞ መጣ። ሬዲዮዋን ራሱ ከፈተ። ጥጉን ትቶ እናቴ አጠገብ፣ ከጀበናው ጎን ተቀመጠ። ከዚያ በፊት እዚያ ቦታ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም።

ትረካው ሲያልቅስ? ሰፈሩ ሁሉ አለቀሰ። የሚወራው ስለ በዛብህ ሞት ብቻ ሆነ። እናቴም ከነጎረቤቶቿ አልቅሳለች። ያን ሰሞን «ስለ መጽሐፉ ምን ትያለሽ?» ብትሏት «አንጀቴን በላው» ከማለት ሌላ የምትላችሁ አልነበራትም። ሞቱ የቀረውን ሁሉ ዋጠው። «ማን ጠየቃት» የሚለው ነገር ከአፏ የወጣው ገና መሃሉ ላይ ሳለች ነው። ያኔ አንድ ሰው «እስቲ ጨርሰሽው ነይ» ቢላት ኖሮ እስከ መቃብሯ ይዛው ትሄድ ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህ እኛ ያመጣነው አዲስ ነገር አይደለም። ወሎዬዎች ነን። ከዚህ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን መጻሕፍት ሰብስበው ያስተማሩበት። እዚህ አፍንጫችን ሥር ቦሩ ሜዳ፣ መምህር አካለ ወልድ ወንበር የዘረጉበት። በዚያ ትምህርት መጽሐፍ እንዴት ነው የሚተረጎመው? አንዲት መስመር ይነበባል፣ ይቆማል፣ «አንድም» ይባላል። ሌላ «አንድም» ይከተላል። መጽሐፉ እስኪያልቅ የሚጠብቅ የለም። የዳናና የጌታ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ደረሶችም ኪታብ ሲቀሩ፣ ማለትም ሲማሩ፣ መስመር በመስመር ነው፤ ቆም ይላሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ሸኾቹ ይመልሳሉ። ከሁለቱም በኩል የወረስነው ይህን ነው። «ጨርሰህ ና» የሚለውን ከየት አመጣነው?

ደግሞስ በደንባችን ዝም ያለው ማን ነው? ዞር ብላችሁ እዩ። ጡረታ የወጣው ይናገራል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ይናገራል። ጊዜ ያለው ሁሉ ይናገራል። ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ አራት ገጽ አንብባ እንቅልፍ የሚጥላት የኮምቦልቻ ሴት ግን ዝም ብላለች። ተሳፋሪ እስኪሞላ መሪው ላይ መጽሐፍ ዘርግቶ የሚያነበው ሾፌር ዝም ብሏል። እነዚህ ሰዎች አንድ መጽሐፍ ስድስት ወር ይፈጅባቸዋል። አራቷ ገጽ ግን ቀኑን ሙሉ አብራቸው ትውላለች። ከእኔም ከእናንተም በላይ ያኝኳታል። እነሱን ሳንሰማ የምን የንባብ ማኅበር ነው!

በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከደሴና ከኮምቦልቻ ስንወጣ ምን ይዘን እንደወጣን አንነጋገርም፤ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ትራስጌዬ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ ትቼ ነው የወጣሁት። በኅዳር መጨረሻ ስመለስ ፍራሹ የለም፣ ቴሌቪዥኑ የለም፣ ድስቱ እንኳ የለም። መጽሐፉ መሬት ላይ በአፉ ተደፍቶ አገኘሁት። የጫማ ዳና አለበት። አቧራውን ጠረግኩ፣ የቆምኩበትን ገጽ አጠፍኩ፣ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። እስከ ዛሬ አልቀጠልኩትም። ስለዚያ መጽሐፍ የምለው ብዙ አለኝ። በደንባችን ግን አንድ ቃል መተንፈስ አልችልም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደኔ ያቋረጠ ስንት ሰው አለ? ያን ሰው ነው «ጨርሰህ ና» የምትሉት?

ስለ መጽሐፍ ዋጋም እንድናገር ተጠይቄ ነበር። ዋጋው እንዴት እንደናረ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሁለት ሦስት ሆነን እየገዛን እንዋዋስ፣ የተዋስነውን እንመልስ። በቴሌግራም የሚዞረውን የተሰረቀ ቅጂ እናቁም፤ ደራሲው ከዚያ ምንም አያገኝም። በዚህ ላይ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

ወደ ሮማን ልመለስ። አሁንም አልጨረስኩም፤ ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት። ስለ ኦሮማይ ስናወራ ሁልጊዜ የምናወራው ስለ ፍጻሜው ነው። በ1975 ታትሞ ከገበያ መሰብሰቡን፣ በዓሉ ግርማ በ1976 ወጥቶ መቅረቱን። ይህ መወራት አለበት፤ አይረሳም። ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አዲስ አበባ የቀረች አንዲት ሴት አለች። ባለታሪኩ ጸጋዬ አስመራ ሄደ፣ ፊያሜታን አገኘ፣ እኛም ተከትለነው አስመራ ገባን። እጮኛውን ዞር ብሎ ያያት ሰው የለም። እኔ ስለ ፊያሜታ ባነበብኩ ቁጥር ሮማንን ነው የማስበው። ምን ታስብ ይሆን? ስልክ ትጠብቃለች? ለእናቷ ምን ብላ ነገረቻት? እሷን ማን ጠየቃት?

ባለፈው ልናገር የነበረው ይህንን ነው። መጽሐፉን ስጨርስ ምናልባት ሐሳቤን እቀይር ይሆናል። ብቀይር መጥቼ እነግራችኋለሁ። ዛሬ ግን የማስበው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ሊቀመንበራችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ደንቡ ዛሬ፣ እዚሁ፣ በእጅ ብልጫ ይሻር። ስብሰባችን ሲከፈት የሚጠየቀው «ምን ጨረሳችሁ?» መሆኑ ይቅር። «ምን እያነበባችሁ ነው? የት ደረሳችሁ?» ይባል። መጨረሻውን የሚያውቅ ደግሞ ለሌላው ሲል አፉን ይያዝ።

ከቀረችኝ ደቂቃ ላይ አንድ ሰው ልጋብዝ። ከኋላ በሩ ጋ የተቀመጥሽው እህቴ፣ በየስብሰባው ትመጫለሽ፤ ድምፅሽን ግን ሰምተነው አናውቅም። ጭንሽ ላይ ያለው መጽሐፍ መሃሉ ላይ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ተሰክቶበታል። ከዚህ ይታየኛል። ማይኩን አቀብሏት።

እህቴ፣ የት ደርሰሻል?