ከቻልከው በኋላ ምን ያስተምርሃል?

ሰላም ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁልኝ፣ ሁሉ አማን? ዛሬ ድምጼን የምቀርጸው ከሐይቅ ከተማ፣ ከወሎ ነው፣ ለእረፍት መጥቼ ቤተሰብ ጋ ነኝ፣ ስለዚህ ከኋላ የባጃጅ ወይ የልጆች ድምጽ ከገባ አብሽሩ።

የዛሬው ወሬ የመጣው ከአክስቴ ልጅ ነው። እኔ እንደምታውቁት አቡዳቢ ነው የምሰራው፣ ከስራ የምትተርፈኝን ሰዓት ደግሞ ዌክቦርድ ላይ ነው የማሳልፋት። እና ሰሞኑን ቡና እየጠጣን ኮች ይዤ ትምህርት እየወሰድኩ እንደሆነ ስነግረው፣ «ቆመህ ትሄድ የለ እንዴ? ስትዘልም ቪዲዮህን አይቻለሁ። ከቻልከው በኋላ ምኑን ነው ከፍለህ የምትማረው?» አለኝ። እንደሱ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፣ የኔ መልስ ደግሞ ረዘም ስለሚል በሶስተኛው ስኒም አላለቀም፣ እዚህ ልጨርሰው።

ለማታውቁት ባጭሩ። ዌክቦርድ ማለት ሁለቱም እግርህ አንድ ሰሌዳ ላይ በጫማ ይታሰራል፣ ጎንህን ሰጥተህ ትቆማለህ፣ ጫፉ ላይ እጀታ ያለው ገመድ ትይዛለህ፣ ከዛ ሞተር ጀልባ ይጎትትሃል፣ ወይ ደግሞ ከምሰሶ ምሰሶ የተዘረጋ ኬብል። ጀልባው ሲሄድ ከኋላው ግራና ቀኝ እየተወ የሚሄደው ሞገድ አለ አይደል፣ ዌክ የሚሉት እሱን ነው፣ የሚዘለለውም እሱ ላይ ነው። ጀማሪን በሰዓት 25፣ 28 ኪሎሜትር ቢጎትቱት ይበቃዋል፣ የለመደውን 35 እና ከዛ በላይ። ቁጥሩን ስትሰሙት ትንሽ ነው፣ መኪና ውስጥ ብትሆኑ እንቅልፍ ይወስዳችኋል፣ ውሃ ላይ በዛ ፍጥነት መውደቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስፖርቱ ራሱ ወጣት ነው እኮ። በ1985 አካባቢ ቶኒ ፊን የሚባል የሳንዲያጎ ሰርፈር ስከርፈር የሚባል ሰሌዳ ይዞ መጣ፣ ሰሌዳው ግን በጣም ስለሚንሳፈፍ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሆኖ ከስርህ አስገብቶ መነሳት መከራ ነበር። ከዛ በ1990 ኸርብ ኦብራይን ሃይፐርላይት የሚባለውን ሰሌዳ አወጣ፣ ውሃ ውስጥ በቀላሉ የሚሰምጥልህ፣ ስለዚህ ተቀምጠህ ጠብቀህ ጀልባው ሲጎትትህ ብድግ ማለት ቀለለ። እኔ እንደሚገባኝ ነገሩ የተቀየረው እዛ ጋ ነው። መቆም ለብዙ ሰው ሲቀል ጥያቄው «መቆም ይችላል ወይ» መሆኑ ቀረና «እንዴት ነው የሚቆመው» ሆነ። ውድድር ላይ ዳኞቹ የሚያዩትን ብታዩ ሶስት ነገር ነው፣ አንዱ አፈጻጸሙ ምን ያህል ንጹህ ነው፣ ሁለተኛው ኃይሉ፣ ማለት ምን ያህል ከፍ ብሎ ምን ያህል ደፍሮ፣ ሶስተኛው ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት አቀናብሮ ሄደ የሚለው። አየር ላይ ተገልብጦ በመከራ ያረፈና ቀለል ያለ ዝላይ ዘልሎ ሰተት ብሎ ያረፈ እኩል አይታዩም፣ ሁለተኛውን ሳይ ነው እኔ አፌን ከፍቼ የምቀረው።

ኮቼ የፊሊፒን ልጅ ነው፣ ከካማሪነስ ሱር፣ እዛ ሀገር ትልቅ የኬብል ፓርክ ስላላቸው እዛው ነው ያደገበት። መጀመሪያ የነገረኝ ነገር «ዛሬ ዝላይ የለም» ነው። ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም እኔ የመጣሁት ለዝላይ ነው። እሱ ግን እጀታው ላይ ነው ዓይኑን የተከለው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጀልባው ሲጎትትህ ሰውነትህ በተፈጥሮው እጀታውን ወደ ደረቱ ይስባል፣ ክርንህ ይታጠፋል፣ ያኔ ገመዱ የሚጎትተው ትከሻህን ይሆናል፣ ትከሻህ ወደ ፊት ሲሄድ መቀመጫህ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጎንበስ ትላለህ፣ ጎንበስ ካልክ ደግሞ ኃይሉ ሁሉ ወገብህ ላይ ያልቃል እንጂ ቦርዱ ጋ አይደርስም። እንደዛ ሆነህም መሄድ ትችላለህ እኮ! ችግሩ እሱ ነው፣ ይሄዳል፣ አይጥልህም፣ ስለዚህ ማንም ሳይነግርህ ለዓመታት እንደዛው ትሄዳለህ።

ትክክለኛው፣ ክንድህን ትዘረጋለህ፣ እጀታውን ወደታች ፊት ባለው እግርህ በኩል ዳሌህ አጠገብ ትይዘዋለህ፣ ዳሌህን ወደ እጀታው ትገፋለህ፣ ጉልበትህን አጠፍ፣ ጀርባህን ቀና፣ ዓይንህ ቦርዱን ሳይሆን ሩቅ ያያል። ያኔ የገመዱ ጉተታ በዳሌህ አልፎ በእግርህ ወርዶ ቦርዱ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ይሄ ሲሆን ይታወቅሃል፣ በቃ ክንድህ ላይ የነበረው ሸክም ይወርዳል፣ እግርህ ስር ያለው ውሃ ይጠነክርልሃል። ውሃ ይጠነክራል ስል ምን ማለቴ እንደሆነ የነዳው ሰው ያውቀዋል።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር አቀራረብ ነው። ብዙ ሰው ሞገዱን ለመዝለል ከሩቅ በኃይል ይነሳና ሞገዱ ጋ ሲደርስ ይፈራል፣ ሲፈራ ቦርዱን ያስተኛዋል፣ ገመዱ ይላላል፣ ከዛ በጉልበቱ ሊዘል ይሞክራል። መሆን ያለበት ግልባጩ ነው፣ ቀስ ብለህ ትጀምርና ሞገዱ ጋ እየቀረብክ በሄድክ ቁጥር የቦርዱን ጠርዝ ውሃው ላይ እያጠበቅክ እያጠበቅክ ትሄዳለህ፣ በጣም የምትጨክነው የምትፈራው ቦታ ላይ ነው፣ ሞገዱ ጫፍ ላይ ደግሞ እግርህን ቀጥ አድርገህ መቆም ብቻ ነው፣ የሚያነሳህ ሞገዱ ራሱ ነው። ስታርፍ ጉልበትህ ታጥፎ እጀታው ከዳሌህ ሳይርቅ። ይሄ ለውበት ብቻ አይደለም፣ እዚህ ጋ ነው እንድትሰሙኝ የምፈልገው፣ በዚህ ስፖርት የጉልበት ጅማት ጉዳት የታወቀ ነው፣ እግሩን አድርቆ ያረፈ ሰው ጉልበቱ ላይ ነው የሚከፍለው። ስታይል የምንለው ነገር ከላይ የሚቀባ ቀለም አይደለም፣ ያማረው አስተራረፍ ሰውየውን ነገም ውሃ ላይ የሚያቆየው ያው አስተራረፍ ነው።

ያው የጀልባው ሰዓት ውድ ስለሆነ ከኮቹ ጋ የምሆነው በጀልባ፣ ብቻዬን የምደግመው ደግሞ ኬብል ላይ ነው። ኬብል ላይ ሞገድ የለም፣ ግን አቋቋምን ለማረም ከሱ የሚሻል የለም፣ ውሃው ጸጥ ስለሚል ሰውነትህ የሚያደርገው ሁሉ ያስታውቃል። ኮቹ በስልክ ይቀርጸኛል፣ ዳር ላይ ቁጭ ብለን ቀስ አድርገን እናየዋለን፣ እና እኔ ተዘርግቷል ብዬ የምምለው ክንድ ቪዲዮው ላይ ታጥፎ ይገኛል። ሰውነት ራሱን አያይም። ለአክስቴ ልጅ መልሴ ዋናው ይሄ ነው፣ አስተማሪ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለማይችለው ሳይሆን ለሚችለው ነው፣ የማይችለውን ውሃው ራሱ እየጣለ ያስተምረዋል፣ የሚችለውን ግን ማንም አይጥለውም፣ ዝም ብሎ ይለቀዋል።

ይሄንን እዚህ ሐይቅ መጥቼ በደንብ አየሁት። እረፍት ላይ እንዳልረሳው ብዬ ግቢ ካለው ባህር ዛፍ ላይ ገመድ አስሬ ዘንበል እያልኩ አቋቋሜን እለማመዳለሁ፣ እናቴ ወጥታ «ወገብህን ያምሃል እንዴ አባቴ?» አለችኝ፣ አይ ስፖርት ነው ብዬ አስረዳኋት። ከዛ የጎረቤት ልጆች መጡ፣ ዛፍ ደግሞ አይጎትትም፣ ስለዚህ ገመዱን እነሱ እንዲጎትቱኝ አደረግኩ፣ ከዛ በተራ እነሱም መያዝ ፈለጉ። ትልልቆቹ ልጆች ወዲያው ክርናቸውን አጥፈው ከጓደኞቻቸው ጋ ጉልበት መፈታተን ጀመሩ፣ አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ ግን ክንድሽን ዘርጊ፣ ዳሌሽን ወደ ገመዱ ስላት እንዳልኳት አደረገች፣ ሶስት ወንዶች እየጎተቷት ንቅንቅ የለም። ምንም የለመደችው ነገር የለማ! የሚፈርስ ስለሌለባት በቀጥታ ገነባችው፣ እኔ መጀመሪያ ማፍረስ ነበረብኝ።

እነሱው ልጆች ናቸው ታዲያ «እኛ ሐይቅ ላይ መቼ ነው የሚመጣው?» ያሉኝ። በደንብ አስቤበታለሁ። ሐይቃችን ከባህር ወለል በላይ 2000 ሜትር አካባቢ ነው ያለው፣ እዚህ ከፍታ ላይ ተራ የጀልባ ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፣ ስለዚህ ትልቅ ሞተር ነው የሚፈልገው። የዌክቦርድ ጀልባ ደግሞ ሞገዱ እንዲያድግ ሆን ተብሎ ክብደት ይጫንበታል። ያ ሞገድ የት ይሄዳል? ዳር ነው የሚሄደው፣ ቄጠማው ውስጥ፣ ቆሮሶ የሚባለው አሳ የሚራባው ደግሞ ዳር ዳሩን ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው፣ የአሳ አስጋሪዎቹ መረብም አለ። ከዛ ደግሞ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚኮራበት፣ እዛ አጠገብ ሞተር ሲያጓራ ቢውል እኔ ራሴ አልወደውም። ስለዚህ ጀልባውን አልፈልገውም፣ ከልቤ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሰራ አጭር ኬብል፣ በሁለት ምሰሶ መሃል የሚመላለስ፣ ከገዳሙ ርቆ አንድ ጥግ ላይ ቢሆን፣ እሱን አልማለሁ፣ ሞገድ አያነሳም፣ ነዳጅ አያፈስም።

ግን ከሱ በፊት ዋና መቻል። ይሄ ነገር ሆዴን ይበላኛል። ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ አጠገብ ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ በየቀኑ ውሃውን እያየ ትምህርት ቤት የሚሄድ፣ መንሳፈፍ አያውቅም። የሚያውቁትም ውሃ መምታት ነው የሚያውቁት፣ አንገታቸውን አቅንተው በጉልበት፣ ሃያ ሜትር ሄደው ይደክማቸዋል። እሱም የአቋቋም ጉዳይ ነው፣ ጭንቅላትህን ቀና ካደረግክ እግርህ ይሰምጣል፣ ፊትህን ውሃ ውስጥ ከከተትክ ዳሌህ ይነሳል፣ ዳሌህ ከተነሳ ውሃው ይሸከምሃል። ለነዚህ ልጆች ስታይል ማለት በህይወት መውጣት ነው።

እና እስክመለስ ድረስ ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ፣ ወላጆቻቸው ባሉበት፣ ዳር ላይ ወገብ በማይደርስ ውሃ መንሳፈፍ እያሳየኋቸው ነው። ያለን ላይፍ ጃኬት ለሁሉም አይበቃም፣ በተራ ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ውጫሌ ያላችሁ፣ ከአረብ ሀገር ስትመጡ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ካላችሁ፣ የልጅ መጠን ላይፍ ጃኬት ይዛችሁ ኑልን፣ ያገለገለም ቢሆን ካልተበላሸ ይሰራል፣ ኢንቦክስ አድርጉኝና እኔ ራሴ መጥቼ እቀበላለሁ። በሉ ደህና ሁኑልኝ ጀመዓ፣ ልጆቹ በር ላይ እየጠበቁኝ ነው።