የአድማጮች ጥያቄ፦ ትልልቆቹ እንቅስቃሴዎች ብቻ ይበቃሉ?

አድማጭ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጂም የምሠራው ስኳት (ክብደት ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ክብደት ወደ ላይ መግፋት)ና ፑል አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ብቻ ነው። ጓደኞቼ «ክንድህን ለብቻው ካልሠራኸው አያድግም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው ወንድሜ። ፑል አፕ ስትሠራ ባይሰፕስህ (የላይ ክንድህ የፊት ጡንቻ) አብሮ ይሠራል፤ ቤንች ስትገፋ ደግሞ ትራይሰፕስህ (የኋላው)። ጀማሪ ከሆንክ ለጊዜው ይበቃሃል። ችግሩ፣ እነዚህ ብዙ ጡንቻ ባንዴ የሚያሠሩ ትልልቅ እንቅስቃሴዎች ለሁሉም ጡንቻ እኩል አይደርሱም። ቤንች ከትከሻ የሚያሠራው በተለይ የፊቱን ክፍል ነው። የትከሻህ ጎን እንዲሞላ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ ክብደት) ወደ ጎን ማንሳት አለብህ።

አድማጭ፦ እኔ ስኳት አላቋርጥም፤ የኋላ ጭኔ ግን ወይ ፍንክች! ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ምንም አላጠፋሽም እህቴ። የኋላ ጭን ጡንቻዎች አብዛኞቹ ዳሌንም ጉልበትንም ያቋርጣሉ። ስኳት ስትወርጂ በዳሌ በኩል ይለጠጣሉ፣ በጉልበት በኩል ይላላሉ። ርዝመታቸው ብዙም ስለማይለወጥ ብዙም አይለፉም። ስኳት በዋናነት የፊት ጭንና የመቀመጫ ሥራ ነው። ስለዚህ ሮማኒያን ዴድሊፍት ጨምሪ፦ ክብደት ይዘሽ፣ ጉልበትሽን በትንሹ አጥፈሽ፣ ጀርባሽን ቀጥ አድርገሽ፣ ዳሌሽን ወደ ኋላ ግፊ። እሱም ቢሆን ሁሉንም አይሸፍንም። ከነዚህ ጡንቻዎች አንዱ ክፍል ዳሌን ጭራሽ አይነካም፤ ሥራው ጉልበት ማጠፍ ነው። ለእሱ ሌግ ከርል (ማሽን ላይ ጉልበት ማጠፍ) ያስፈልጋል። እኔ ተቀምጦ የሚሠራውን ማሽን እመርጣለሁ፤ ዳሌ ስለሚታጠፍ ሌሎቹም በደንብ ተለጥጠው ይሠራሉ።

አድማጭ፦ የቱ ይቅደም? ስንት ስንትስ ይሠራ?

መልስ፦ ትልቁ ይቅደም። ትራይሰፕስህን አድክመህ ቤንች ላይ ብትተኛ፣ ደረትህ ገና ሳይነካ ክንድህ እጅ ይሰጣል። ወደ ኋላ የቀረብህ ጡንቻ ካለ ግን እሱን ብታስቀድም ችግር የለውም። ትልልቆቹን ስትሠራ በየዙሩ (ዙር ማለት ሳታርፍ በተከታታይ የምትደጋግመው ነው) መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ዕረፍ፤ ለትንንሾቹ 1 ደቂቃ ተኩል ይበቃል።

ብዛቱን በተመለከተ፣ ለአንድ ጡንቻ በሳምንት ከ10 እስከ 20 ዙር ጥሩ መነሻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሂሳቡ ይሳሳትበታል። ፑል አፕን ለባይሰፕስ እንደ ግማሽ ዙር ቁጠረው። በሳምንት 8 ዙር ፑል አፕ ከሠራህ 4 ዙር ባይሰፕስ ኪስህ ገባ ማለት ነው። 10 ለመድረስ 6 ዙር ከርል (ክብደት ይዞ ክርን ማጠፍ) ይቀርሃል። እሱንም ባንድ ቀን አትጨርሰው፤ 3ቱን ሰኞ፣ 3ቱን ሐሙስ ሥራው።