የቀደመው ውድቀቱ ነው ወይስ ስብራቱ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ ሥራዬ ላወራችሁ ነው። በተለይ ደግሞ ቀስ ብዬ፣ ሁለቴ እያነበብኩ ስለምሠራው አንድ ክፍል። ካንሰር አጥንት ላይ ሲደርስ ነገሩ በሕክምና ኮድ እንዴት እንደሚጻፍ።

ለማታውቁኝ፣ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ሜዲካል ኮደር ነኝ። ሐኪሙ የጻፈውን አነባለሁ፣ ነርሶቹ የጻፉትን አነባለሁ፣ የራጅና የላብራቶሪ ውጤት አያለሁ። ከዚያ ሁሉንም ወደ ኮድ እቀይረዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ ለበሽታ የምንጠቀምበት የኮድ ሥርዓት አይሲዲ-10-ሲኤም ይባላል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ ነው ሥራ ላይ የዋለው። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ይህን አይቶ ነው። የሚቀጥለው ሐኪም ፋይሉን ሲከፍት መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈውም እዚሁ ዝርዝር ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። አንዲት የማውቃት ሰው አይደለችም። የታካሚ ምስጢር ምስጢር ነውና ከብዙ ዓይነት ታሪክ ያሰባሰብኳት ናት። ስድሳዎቹን ያጋመሰች እናት እንበል። ከስምንት ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ታክማለች። ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞ፣ ከዚያ ሌትሮዞል የሚባል ኪኒን ለዓመታት። ሰሞኑን ቀኝ ጭኗን ያማት ጀምሯል። ማታ ማታ ይብስባታል። «ዕድሜ ነው» ብላ ለልጆቿም አልነገረችም። አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ወደቀች። አምቡላንስ መጣ፣ ራጅ ተነሳች፣ የጭን አጥንቷ ተሰብሯል።

የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም «በመውደቅ የደረሰ የቀኝ ጭን አጥንት ስብራት» ብሎ ጻፈ። እሱን ብቻ ይዤ ብሄድ ኮዱ በኤስ72 ይጀምራል። ኤስ የአደጋ ምዕራፍ ነው። በረዶ አንሸራቶት የተሰበረ ጎረምሳም የሚገባው እዚያው ነው።

ግን የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ማስታወሻ አለ። ፋይሉ ጥግ ላይ ስለሚሆን ብዙ ሰው አያየውም። እኔ ሁልጊዜ እከፍተዋለሁ። እዚያ ላይ ምን ይላል? ታካሚዋ ምድጃው ጋ ቆማ ዞር ስትል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማች። እግሯ ከዳት። ከዚያ ወደቀች።

ልብ በሉ፣ ከዚያ ወደቀች። ስብራቱ ነው የቀደመው።

የጭን አጥንት እኮ በሰውነታችን ካሉት አጥንቶች ረጅሙ ነው፤ በጥንካሬም ከፊተኞቹ ነው። ጤነኛ ከሆነ ዞር በማለት አይሰበርም። ስለዚህ አሁን ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ያው አደጋው ነው። ሁለተኛው የአጥንት መሳሳት ነው፣ በኤም80 የሚጀምረው። ሌትሮዞል ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንት ያሳሳል፤ ይህ የታወቀ ነው። የኮድ መመሪያውም በግልጽ ይናገራል። የአጥንት መሳሳት ያለበት ሰው ጤነኛ አጥንትን በማይሰብር ቀላል አወዳደቅ ከተሰበረ፣ በአደጋ ኮድ አይጻፍም። ሦስተኛው ኤም84.5 ነው። ካንሰር ያዳከመው አጥንት ሲሰበር የሚጻፈው እሱ ነው። ራጁ ላይ የሚታየው ስንጥቅ ለሦስቱም ሊመሳሰል ይችላል። ሕክምናው ግን ይለያያል።

ታዲያ እኔ ነኝ የምመርጠው? አይደለሁም። ምንም ያህል ቢመስለኝ ስብራቱን ከካንሰሩ ጋር ማያያዝ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ያንን የሚጽፈው ሐኪሙ ነው። እኔ የማደርገው ለሐኪሙ ጥያቄ መላክ ነው፣ እኛ ኩዌሪ የምንለውን። ጥያቄውም ቢሆን ደንብ አለው። «ከካንሰር የመጣ ነው አይደል?» ብዬ መልሱን አፉ ላይ ላስቀምጥለት አልችልም። ፋይሉ ውስጥ ያለውን ዘርዝሬ፣ የስብራቱን መንስኤ በእርስዎ ሙያዊ ግምገማ ይግለጹልኝ ነው የምለው። የጡት ካንሰር ታሪኳን፣ የጭን ሕመሟን፣ የአምቡላንሱን ማስታወሻ፣ የራጁን ንባብ እዘረዝርለታለሁ።

ይህን ጥያቄ መጻፍ የሥራዬ እምብርት ነው ብዬ ነው የማምነው። ጊዜ ይወስዳል። አለቆች በሰዓት ስንት ፋይል እንደጨረስን ይቆጥራሉ። አንድ ጥያቄ ማለት ያ ፋይል ዛሬ አይዘጋም ማለት ነው። ይሁን፣ አይዘጋ። በአደጋ ኮድ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሴትዮዋ በብረት ተጠግና ቤቷ ትገባለች። ካንሰሩ መመለሱን የሚናገር መስመር ዝርዝሩ ላይ አይኖርም።

በምሳሌያችን ቀዶ ሐኪሙ ብረቱን ሲያስገባ ከአጥንቱ ናሙና ወሰደ። የፓቶሎጂ፣ ማለትም የናሙናው ምርመራ፣ ውጤት «ከጡት የመጣ ካንሰር ነው» አለ። እዚህ ላይም አልቸኩልም። ታካሚዋ ተኝታ የምትታከም ከሆነ ከፓቶሎጂ ወረቀቱ ብቻ ተነስቼ አልጽፍም፤ የሚያክማት ሐኪም በራሱ ማስታወሻ ማረጋገጥ አለበት። ሲያረጋግጥ ሲ79.51 ይገባል። ከሌላ ቦታ ወደ አጥንት የተሰራጨ ካንሰር ማለት ነው። ከአጥንት ራሱ የሚነሳ ካንሰር ሌላ ቤት ነው ያለው፣ ሲ40 እና ሲ41። በአዋቂ ሰው አጥንት ላይ የሚገኝ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ጡት፣ ፕሮስቴት፣ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ ታይሮይድ፤ እነዚህ አጥንት ይወዳሉ።

በነገራችን ላይ፣ ይህ አጥንት የመውደዳቸው ነገር የዛሬ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1889 ስቴፈን ፓጄት የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ አገላበጠ። ካንሰሩ የትም እንደደረሰው የሚያርፍ ሳይሆን ቦታ የሚመርጥ ሆኖ አገኘው። ካንሰሩን ዘር፣ የሚያርፍበትን አካል አፈር አለው። ያ ሰውዬ ያንን ማየት የቻለው ሌሎች ሐኪሞች ከእሱ በፊት በትክክል ስለመዘገቡ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ ሥራዬን እወደዋለሁ።

ወደ ጉዳያችን። ሁለት ኮድ አለን፤ ስብራቱና የተሰራጨው ካንሰር። የትኛው ይቅደም? መመሪያው እንደ ሕክምናው ነው የሚለው። የገባችው ለስብራቱ ከሆነና የታከመውም ስብራቱ ከሆነ ኤም84.5 ይቀድማል፣ ካንሰሩ ይከተላል። ካንሰሩ ላይ ያተኮረ ሕክምና ከሆነ ደግሞ ይገለበጣል። የእኛ እናት ብረት ነው የገባላት፣ ስለዚህ ስብራቱ ይቀድማል። ኤም84.551ኤ። መጨረሻው ላይ ያለው 1 ቀኝ ጭን መሆኑን ይናገራል፤ ግራ ቢሆን 2 ይሆን ነበር። ኤ ማለት ስብራቱ ገና በመታከም ላይ ነው። ሕክምናው አልቆ እየዳነ ለክትትል ስትመጣ ኤው ወደ ዲ ይለወጣል። አጥንቱ አልገጥም ካለ ኬ ይሆናል። ካንሰር የነካው አጥንት ደግሞ መግጠም ያስቸግረዋል። ኬን በጻፍኩ ቁጥር ቅር ይለኛል።

ሰው የማይጠብቀው ሌላ ነገር አለ። አንዳንዴ አጥንቱ አልተሰበረም፣ ሊሰበር ግን ደርሷል። ሐኪሞቹ ቦታውን፣ የሕመሙን መጠን፣ ካንሰሩ ምን ያህል አጥንቱን እንደበላው አይተው ነጥብ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ሚሬልስ የሚባል መለኪያ አለ፤ ጣሪያው 12 ነው። ነጥቡ ከፍ ካለ ሳይሰበር በፊት ብረት ያስገቡለታል። ያን ጊዜ የስብራት ኮድ አልጽፍም። አልተሰበረማ! ሲ79.51 ነው የሚጻፈው፣ ሕመሙ ከታከመም የካንሰር ሕመም ኮድ፣ ጂ89.3፣ ይጨመራል። ያልተሰበረን አጥንት ተሰብሯል ብሎ መጻፍ ሐኪሙ ያተረፈውን ነገር መካድ ነው ለእኔ።

አሁን ብዙዎቻችሁን የሚነካው ጋ ልምጣ፣ መርፌው ጋ። ዲኖሱማብ የሚባል መድኃኒት አለ። በተለያዩ ስሞች ይሸጣል፤ ሁለቱን ላንሳ። ፕሮሊያ 60 ሚሊ ግራም ነው፣ በየ6 ወሩ የሚወሰድ፣ ለአጥንት መሳሳት። ኤክስጂቫ 120 ሚሊ ግራም ነው፣ በየ4 ሳምንቱ የሚወሰድ፣ ካንሰር አጥንት ላይ ለደረሰበት ሰው። ሁለቱም ውስጥ ያለው ያው አንድ መድኃኒት ነው። ለክፍያ የሚላከው የመድኃኒት ኮድም ለሁለቱም አንድ ነው፣ ጄ0897። ታዲያ ኢንሹራንሱ ለምን በየወሩ፣ ለምንስ እጥፍ መጠን እንደተሰጣት በምን ያውቃል? በበሽታው ኮድ ነው። ሐኪሙ ኤክስጂቫ አዞ፣ ፋይሉ ላይ ያለው የአጥንት መሳሳት ኮድ ብቻ ከሆነ ክፍያው ዲናይ ይደረጋል፣ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ይላል ማለት ነው። እናታችን ቀጠሮዋ ላይ ደርሳ «ፈቃዱ አልመጣም» ተብላ ትመለሳለች። ልጇ ሥራ አስፈቅዳ ነው ያመጣቻት። እና ይህ ሁሉ የሆነው አንድ መስመር ስለጎደለ ነው።

መርፌውን ካነሳሁ ይህንንም ልበል። እነዚህ የአጥንት መድኃኒቶች አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንትን ይጎዳሉ። የራሱ ኮድ አለው፣ ኤም87.180። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ። የሚነቀል ጥርስ ካለ ቀድሞ ይነቀል። ካንሰር ሐኪማችሁ ይህን ካላነሳላችሁ እናንተ አንሱት።

ሌላው የሚያከራክረን ካንሰሩ «አለ» ወይስ «ነበረ» የሚለው ነው። ካንሰሩ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ሕክምናው አልቆ፣ ምንም ምልክት ከሌለ ዜድ85 ይገባል፤ ታሪክ ነው ማለት ነው። ሌትሮዞል የሚወስዱትስ? ሐኪሙ ኪኒኑን የሰጠው ካንሰሩን ለማከም ነው ወይስ እንዳይመለስ ለመከላከል? ካልጻፈው እኔ አላውቀውም፣ መጠየቅ አለብኝ። በእኛ ምሳሌ የጡቱ ካንሰር ታሪክ ሊሆን ይችላል፣ የአጥንቱ ግን አለ። ሁለቱም መስመር ላይ መኖር አለባቸው። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

በተቃራኒው የሚያስፈራኝም አለ። ከሆስፒታል ውጪ፣ ክሊኒክ ላይ፣ ሐኪሙ «ወደ አጥንት የተሰራጨ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ቢጽፍ ያንን ካንሰር ብዬ አልጽፍም። የጭን ሕመም ነው የምጽፈው። እስኪረጋገጥ ድረስ ማለት ነው። ያልተረጋገጠ ሲ79.51 አንዴ ፋይል ውስጥ ከገባ ከአንዱ ቀጠሮ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ይሄዳል። አሁን ሁሉም ሰው ውጤቱን በስልኩ ያያል። ልጅ የእናቷን አካውንት ከፍታ፣ ሐኪም ሳያናግራት፣ ያንን መስመር ብታነብ ሌሊቱን እንዴት ነው የምታድረው?

መልቲፕል ማየሎማ ያለባቸውም ይጠይቁኛል። እሱ ከመቅኒ የሚነሳ ካንሰር ነው። አጥንቱ ላይ የሚታዩት ቀዳዳዎች የበሽታው አካል ናቸው፤ ስለዚህ በሲ90.0 ሥር ነው የሚጻፈው እንጂ እንደ ተሰራጨ ካንሰር አይቆጠርም። ሲ79.51 ካያችሁ ጠይቁ።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ ነው ዋናው። ታማሚ ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ ታሪኩን አታሳጥሩት። የእኛ ሰው ሐኪም እንዳይሰለቸው ብሎ ያሳጥራል፤ ወላጅን ለማሳረፍም ያሳጥራል። «ወደቀች» ብቻ አትበሉ። የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል ንገሩ። ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ ማታ ይብሳል ወይ፣ ከመውደቋ በፊት የሰማችው ነገር አለ ወይ። የድሮውን ካንሰርም «እሱማ አልፏል» ብላችሁ አትዝለሉት። ታማሚዋ አማርኛ ብቻ ከሆነ የምትናገረው አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ሆስፒታሉ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ በነፃ።

ፋይላችሁ ላይ ስህተት ካያችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። ሂፓ በሚባለው የአሜሪካ የሕክምና መረጃ ሕግ መሠረት መዝገባችሁ እንዲስተካከል በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አላችሁ። በ60 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ካልቻሉ ምክንያቱን በጽሑፍ አሳውቀው 30 ቀን ይጨምራሉ፣ ከዚያ በላይ የለም። ጥያቄውን ካልተቀበሉት ለምን እንዳልተቀበሉት በጽሑፍ ይነግሯችኋል። እናንተም አለመስማማታችሁን ጽፋችሁ መስጠት ትችላላችሁ፤ ጽሑፋችሁ ከፋይሉ ጋር ይያያዛል።

በሉ፣ ለዛሬ እዚህ ላይ ነኝ። ሰላም ሁኑልኝ።