ከእሳቱም ከሌባውም የራቀ ቅጂ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አላችሁ?

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት ራሴን እንደ ጠንቃቃ ሰው እቆጥር ነበር። ማታ ማታ የላፕቶፔን ፋይሎች ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እገለብጣለሁ። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ። አንድ ቀን ቦርሳው ተሰረቀ። ሌባው ዋናውንም ቅጂውንም በአንድ ጉዞ ይዞልኝ ሄደ።

የብዙ ድርጅቶች ነገር ከእኔ ቦርሳ ብዙም አይለይም። የሁሉንም ፋይል የያዘው ትልቁ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ዲስኩ እዚያው ጎኑ ተሰክቷል። እሳት ቢነሳ፣ ቧንቧ ቢፈነዳ ተያይዘው ይሄዳሉ። ቅጂውን በኢንተርኔት በኩል ሌላ ቦታ ማስቀመጥ የሚባለው መላ የመጣው ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ ማታ ላይ የተለወጠውን ብቻ ይለያል፣ ይጨምቃል፣ ይቆልፋል፣ ከዚያ ሩቅ ወዳለ የዳታ ማዕከል ይልካል። ዲስክ ይዞ ቤቱ የሚሄድ ሠራተኛ አያስፈልግም። ያ ሠራተኛ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ይረሳል፤ እንተዋወቃለን።

«ሩቅ» የምትለዋን ቃል ግን ትንሽ እንያት። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ውስጥ ሰርቨር የሚያከራየው የኦቪኤች ኩባንያ የዳታ ማዕከል በእሳት ተያያዘ። አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ባክአፕ ይያዝልን ብለው ከፍለው የነበሩ ደንበኞች ሳይቀሩ ዳታቸውን አጡ። ቅጂው የተቀመጠው እዚያው ግቢ ውስጥ ነበራ! ስለዚህ አገልግሎት ሰጪያችሁን «የእኛ ቅጂ የትኛው ከተማ ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሲንተባተብ ካያችሁት ሌላ ፈልጉ።

ኪሎ ሜትሩም ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኮድ ስፔስስ የሚባል ድርጅት ነበር፤ የሰዎችን የሶፍትዌር ኮድ ያስቀምጣል። ሰርጎ ገቦች የክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራየው ሰርቨር) መቆጣጠሪያውን ያዙና ገንዘብ ጠየቁ። ድርጅቱ መቆጣጠሪያውን መልሶ ለመያዝ ሲሞክር ዳታውንም ባክአፑንም አብዛኛውን አጠፉበት። ሁሉም በአንድ መግቢያ ይከፈት ነበር። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ አልቀጠለም። ባክአፓችሁ የራሱ አካውንት፣ የራሱ ፓስዎርድና ሁለተኛ ማረጋገጫ ይኑረው። ከተቻለ ደግሞ ለተወሰኑ ሳምንታት ማንም ሊሰርዘው የማይችል ይሁን። ማንም ስል አስተዳዳሪውንም ጨምሬ ነው። ፋይል ቆልፈው ማስከፈቻ ገንዘብ የሚጠይቁት የራንሰምዌር ወንበዴዎች ከገቡ በኋላ ቀድመው ለማጥፋት የሚፈልጉት ባክአፑን ነው፤ እሱ ካለ ማን ይከፍላቸዋል?

አሁን በጣም ወደምወደው ታሪክ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ ትልቁን የመርከብ ድርጅት መርስክን መታው። ማን የትኛውን ሲስተም መክፈት እንደሚችል የሚያውቁ 150 ገደማ ሰርቨሮች ነበሩት። እርስ በርስ ስለሚናበቡ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ታስቦ ነበር። ሁሉም አንድ ላይ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጠፉ። የተረፈው ጋና ያለው አንድ ብቻ ነው። ለምን? መብራት ጠፍቶበት ነበር! መብራት ስለጠፋ የዳነ ድርጅት ሌላ አላውቅም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ መናበብና ባክአፕ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፋይላችሁ ከክላውድ ፎልደር ጋር በየደቂቃው ሲናበብ፣ እዚህ የሰረዛችሁት እዚያም ይሰረዛል፣ እዚህ የተበከለውም እዚያ ይደርሳል። የቀድሞውን ስሪት ለወራት የሚያቆይ አገልግሎት ነው የምትፈልጉት። አንዳንድ ጥፋት የሚታወቀው ከሁለት ወር በኋላ፣ ሒሳብ ሲዘጋ ነው።

ሁለተኛ፣ የጋናው መስመር በጣም ቀርፋፋ ስለነበር ዳታው በዲስክ ተጭኖ በሰው እጅ፣ በአውሮፕላን ነው የተጓዘው። ይሄ ሒሳብ እናንተንም ይመለከታል። 1 ቴራባይት ዳታ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ለመመለስ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል፣ ያውም ሳይቋረጥ። ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ ሲላክ አይታወቅም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲፈለግ ነው ጉዱ የሚወጣው። ድርጅታችሁ 9 ቀን ያለ ዳታ መሥራት ይችላል? ካልቻለ ለፈጣን ማስመለሻ አንድ ቅጂ ቢሮ፣ ለክፉ ቀን አንድ ቅጂ ሩቅ ያስፈልጋችኋል። አስቸኳዮቹ የትኞቹ ፋይሎች እንደሆኑም ዛሬውኑ ለዩ። የደንበኞች ሒሳብና የዛሬ አምስት ዓመት የተነሳ የግብዣ ፎቶ እኩል ወረፋ አይይዙም።

ሞክሩትም። «ባክአፕ ተሳክቷል» የሚለውን አረንጓዴ ምልክት አትመኑት። ጊትላብን የመሰለ የቴክኖሎጂ ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ዳታቤዙ በስህተት ሲሰረዝ የባክአፕ ፋይሎቹን ቢፈልግ አጣቸው፤ ሲከሽፍ ቆይቶ ማንም አላወቀም። ያተረፈው አንድ ባለሙያ ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ የወሰደው ቅጂ ነው። በየሦስት ወሩ አንድ ፎልደር መልሱና ክፈቱት። የሒሳብ ሠራተኛዋ አይታ «አዎ፣ ይሄ ነው» ትበል።

የመጨረሻው የቁልፉ ጉዳይ ነው። ዳታው ከመሥሪያ ቤታችሁ ሳይወጣ በእናንተ ቁልፍ፣ ማለትም በሚስጥር ኮድ፣ መቆለፉ ጥሩ ነው፤ አገልግሎት ሰጪውም አያነበውም። ግን ቁልፉ ከጠፋባችሁ እሱም አይከፍትላችሁም። ቁልፉ የተቀመጠው እዚያው ሰርቨር ላይ ከሆነ ያው የእኔ ቦርሳ ነው። በወረቀት አትሙት፣ በፖስታ አሽጉት፣ ከቢሮ ውጭ አስቀምጡት። የት እንዳለ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቅ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።